ሞገዱ ጣናን ሲሻገር

ከባሕር ዳር ወደብ ተነሥቶ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር የሚያመራ የሞተር ጀልባ መንገዱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከከተማዋ የሚነሣ የሬዲዮ ሞገድ ግን ያንኑ ውሃ ለመሻገር የሚያስፈልገው ጊዜ 40 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ርቀቱን ስሌቱን ለማቅለል በቀጥታ መስመር 12 ኪሎ ሜትር ብለን ብንወስድና በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው የብርሃን ፍጥነት ብናካፍለው የምናገኘው ይህንኑ ነው። ከዓይን ጥቅሻ እጅግ በምታንሰው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ሞገዱ ይሰፋል፤ ይደክማል፤ ከውሃው ገጽ ላይ ይነጥራል፤ ከዘጌ የቡና ደን ጋር ይጋጫል፤ ከራሱም ነጸብራቅ ጋር ይጣላል። ይህ ሁሉ ደርሶበት እንኳ በአንድ ዓሣ አስጋሪ ኪስ ውስጥ ያለች ስልክ «ሃሎ» የሚለውን ድምፅ ለይታ ታወጣዋለች። እንዴት?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ የሲግናል ማቀነባበርና የገመድ አልባ ግንኙነት ይባላል። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስና ሥር ይሰጣል፤ ከፊሉም በፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ይገኛል። ተማሪዎች ዘርፉን በሁለት ምክንያት ሲሸሹት እናያለን። አንደኛው ሒሳብ የበዛበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምሳሌዎቹ ሁሉ ከሩቅ ሀገር የመጡ መምሰላቸው ነው። የመጀመሪያው ምክንያት እውነት ስለሆነ አንከራከረውም። ሁለተኛው ግን ፈጽሞ እውነት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዘርፉን ዋና ዋና አሳቦች ከጣና ዳርቻ ሳንርቅ ለማየት እንሞክራለን።

የድንጋይ ደወል

ለመሆኑ ሲግናል ምንድን ነው? በጊዜ ወይም በቦታ የሚለዋወጥና መልእክት ሊሸከም የሚችል ማንኛውም መጠን ሲግናል ነው። የሐይቁ ከፍታ ከወር ወር ሲለዋወጥ ሲግናል ነው፤ የልብ ትርታም እንደዚሁ። በጣና ገዳማት ምእመናንን የሚጠሩት የድንጋይ ደወሎች ደግሞ ለትምህርት የተመቹ ምሳሌዎች ናቸው። የተንጠለጠለው ጠፍጣፋ ድንጋይ በትንሽ ድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት የጠራ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይሞታል።

ይህንን ድምፅ በእጅ ስልክ ብንቀዳው ስልኩ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ የአየሩን ግፊት ይለካና በቁጥር ይመዘግባል። ይህ ተግባር ናሙና መውሰድ ይባላል። ቁጥሮቹን በተርታ ብንሥላቸው የሚታየን እየተርገበገበ የሚጠፋ መስመር ነው። ከመስመሩ ግን ብዙ ነገር ማንበብ አንችልም። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉሪዬ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያስተማረን ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ማንኛውም እንዲህ ያለ መስመር የተለያየ ድግግሞሽ ባላቸው ልሙጥ ሞገዶች ድምር ሊገለጽ ይችላል። የደወሉን ድምፅ በዚህ መንገድ ስንበትነው ድንጋዩ በየትኞቹ ድግግሞሾች እንደሚርገበገብ የሚያሳዩ ጥቂት ረጃጅም ጫፎች ይወጣሉ። ሁለት ድንጋዮች ለጆሮ ቢመሳሰሉም ጫፎቻቸው ይለያያሉ።

ደወሉ የመገናኛ ሥርዓትም ነው። መልእክቱ አንድ ነው፤ «ሰዓቱ ደርሷል» ይላል። ይሁን እንጂ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ እስከ ባሕር ዳር የሚሰማ ቢሆን እንኳ ለመድረስ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይወስድበት ነበር። በእርግጥ አይሰማም። ሞገድ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል፤ በመጨረሻም በአካባቢው ጫጫታ ይዋጣል። በዚህ ዘርፍ ጫጫታ ስንል የሰው ሁካታ ብቻ ማለታችን አይደለም። በማንኛውም መቀበያ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት የሚፈጥሩት ሥርዓት የለሽ እንቅስቃሴም ጫጫታ ነው፤ ይህንንም ፈጽሞ ማስወገድ አይቻልም። ትምህርቱ በሙሉ የዚህ ትግል ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውሃው ለምን ይጎዳል?

ብዙ ሰው በገላጣ ውሃ ላይ የስልክ ሞገድ ያለ እንቅፋት እንደሚጓዝ ያስባል። ተራራ የለ፣ ፎቅ የለ፣ ዛፍ የለ። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ዴሲቤል ጥቂት እንበል። መሐንዲሶች የኃይልን መጠን በሎጋሪዝም ይለካሉ። 3 ዴሲቤል ማለት እጥፍ፣ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ፣ 20 ዴሲቤል መቶ እጥፍ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚላክ ሞገድ 12 ኪሎ ሜትር በባዶ ጠፈር ቢጓዝ 113 ዴሲቤል ያህል ይዳከማል። ይህም ከተላከው ኃይል ከ200 ቢሊዮን እጅ አንዱ ብቻ ይደርሳል ማለት ነው። መቀበያዎች ይህን ያህል መዳከም ይችሉታል፤ ስለዚህ እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

አሁን ውሃውን እንጨምር። ከባሕር ዳር ካለ 40 ሜትር ከፍታ ካለው አንቴና ተነሥቶ ዘጌ ዳርቻ ላይ በ1 ሜትር ተኩል ከፍታ ወደ ተያዘ ስልክ የሚሄድ ሞገድ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቀጥታ ነው። ሌላው ከሐይቁ ገጽ ላይ ነጥሮ የሚመጣው ነው። የሁለቱ መንገዶች ርዝመት ልዩነት ሲሰላ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሞገዱ ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ይህ ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። ታዲያ ሁለቱ ሞገዶች ተደምረው መጠናከር አልነበረባቸውም? እንዳይጠናከሩ የሚያደርግ አንድ ምክንያት አለ። እጅግ ዝቅ ባለ ማዕዘን ከውሃ ላይ የሚነጥር ሞገድ ተገልብጦ ነው የሚመለሰው፤ ጫፉ ገደል፣ ገደሉ ጫፍ ይሆናል። በመሆኑም ቀጥታው ወደ ላይ ሲገፋ ነጣሪው ወደ ታች ይስባል፤ እርስ በርስ ሊጠፋፉ ይደርሳሉ። በስሌቱ መሠረት መዳከሙ ከ113 ወደ 127 ዴሲቤል ተኩል ገደማ ያድጋል። ለጥ ያለው ውሃ ከደረሰን ኃይል ላይ ከሃያ አምስት እጅ በላይ ቀነሰብን ማለት ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ስሌት ይገኛል። ስልኩ ከ1 ሜትር ተኩል ወደ 10 ሜትር ከፍታ ቢወጣ የመንገዶቹ ልዩነት ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሁለቱም ሞገዶች ፍጹም መቃረናቸው ይቀራል። የሚገኘው ጥቅም 15 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም ከሠላሳ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ነው። በገጠር ሰዎች «ኔትወርክ ፍለጋ» ወደ ከፍታ ሲወጡ ወደ አንቴናው የቀረቡ ይመስላቸው ይሆናል። በሐይቅ ዳር ግን በአብዛኛው የሚሸሹት ከነጸብራቁ ነው። በአንጻሩ በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አስጋሪ የሚወጣበት ከፍታ የለውም። ማዕበል ድንገት በሚነሣበት ሐይቅ ላይ ደግሞ የስልክ ጥሪ መድረስና አለመድረስ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከላይ ያለው ስሌት ውሃው እንደ መስተዋት ለጥ ያለ ነው ብሎ ያስባል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ሞገዱ ሲያይል ነጸብራቁ ይበታተናል፤ ሁኔታውም ይለወጣል። ጀልባው ራሱ ሲንቀሳቀስም እንዲሁ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጀልባ በ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ እስከ 12 ኸርዝ ተኩል የሚደርስ የድግግሞሽ ለውጥ ያስከትላል፤ ይህም የሚደርሰው ኃይል በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዲል ያደርገዋል። ስለዚህ የገመድ አልባ ግንኙነት ተማሪ ስለ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሳይሆን ስለ ዕድል ማሰብ ይማራል። «ሲግናሉ ይህን ያህል ነው» አይልም፤ «ከመቶው ሰዓት በዘጠና አምስቱ ከዚህ አያንስም» ይላል። የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ያለ ምክንያት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አልተካተተም።

ማረሻ ያልገባበት ደን

ዘጌ በገዳማቱና በቡናው ይታወቃል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ቡናና ጌሾ ከጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ታሪክ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ ልሳነ ምድሩን በማረሻ ማረስ እንደ ነውር ይቆጠራል። ደኑም ተጠብቆ የቆየው በዚህ ልማድ ጥላ ሥር ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድግ በመሆኑ ከምድር እስከ ዛፎቹ አናት ያለው ቦታ በቅጠልና በቅርንጫፍ የተሞላ ነው።

ለሬዲዮ ሞገድ እያንዳንዱ ቅጠል ውሃ የያዘ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ከሞገዱ ጥቂቱን ይውጣል፤ ጥቂቱንም ይበትናል። አሜሪካዊው ማርክ ዋይስበርገር በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር መሠረት 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ቅጠላማ ደን የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድን በ19 ዴሲቤል፣ የ2,100 ሜጋኸርዙን ደግሞ በ25 ዴሲቤል ገደማ ያዳክማል። ማለትም ከመጀመሪያው ከሰማንያ እጅ አንድ፣ ከሁለተኛው ከሦስት መቶ እጅ አንድ እንኳ በወጉ አይተርፍም። ለዚህ ነው ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚሠሩት ፈጣን አገልግሎቶች ደን ውስጥ ቀድመው የሚጠፉት።

ይህ መዳከም በተጠቃሚው ላይ ምን ያስከትላል? ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ንድፈ አሳብ መልሱን በአንድ መስመር ይሰጣል። በአንድ የመገናኛ መንገድ ያለ ስሕተት ሊያልፍ የሚችለው መረጃ የሚወሰነው በመንገዱ ስፋትና ሲግናሉ ከጫጫታው በሚበልጥበት መጠን ነው። ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ ይሁን። ከደኑ ውጭ ሲግናሉ ከጫጫታው አሥር እጥፍ ቢበልጥ ጣሪያው በሰከንድ 69 ሜጋቢት ነው። ደኑ ውስጥ 20 ዴሲቤል ቢቀንስ፣ ማለትም ሲግናሉ ከጫጫታው አሥር ጊዜ ቢያንስ፣ ጣሪያው ወደ 2.75 ሜጋቢት ይወርዳል። በዚህ ውስጥ የሚያስደንቀው ጣሪያው ዜሮ አለመሆኑ ነው። ሲግናል ከጫጫታ ሥር ወድቆም መልእክት ማሳለፍ ይችላል። ይህን አሳብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ስለ ቀመሮች አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በዓለም ዙሪያ የስልክ ኔትወርክ ዕቅድ አውጪዎች ለብዙ ዓመታት የተመረኮዙት ጃፓናዊው ኦኩሙራና ባልደረቦቹ በቶኪዮና በአካባቢው ለክተው በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራና ሀታ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዚያ በመነሣት ባዘጋጀው ቀመር ላይ ነው። ኦኩሙራ ጥንቁቅ ሰው ስለነበረ ለየብስና ለባሕር ቅይጥ መንገድ ሳይቀር ማረሚያ አስቀምጧል። ነገር ግን ቶኪዮ ዘጌ አይደለችም። ቀመሩን በቃል አጥንቶ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ በቡና ጥላ ሥር ለሚቆም ተጠቃሚ ሲተገበር ግን ስሕተቱ ስንት እንደሆነ የሚነግረን ልኬት ብቻ ነው። በእኛ አመለካከት በክፍል ውስጥ ለልኬት የሚሰጠው ቦታ ለቀመር ከሚሰጠው እጅግ ማነሱ የትምህርቱ ትልቅ ድክመት ነው።

ጭነቱን በስምንት ታንኳ

ሞገዱ ዘጌ ደርሷል እንበል። አሁን ሥራው የሲግናል ማቀነባበር ነው። በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር የመጣውን የጂ.ኤስ.ኤም. ሥርዓት እንደ ምሳሌ ብንወስድ ዘዴው ግልጽ ሆኖ ይታያል።

የተናጋሪው ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ13 ቢት ይጻፋል። ይህ በሰከንድ 104,000 ቢት ነው፤ ለአየር ሞገድ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ስልኩ ድምፁን በቀጥታ አይልክም። በየ20 ሚሊሰከንዱ የተናጋሪው ጉሮሮና አፍ በምን ቅርጽ ላይ እንደነበሩ ይገምትና ያንን መግለጫ ብቻ በ260 ቢት ይልካል። ተቀባዩ ስልክ በመግለጫው መሠረት ድምፁን እንደገና ይሠራዋል። እናታችን በስልክ ስታናግረን የምንሰማው በከፊል ስልኩ የሠራውን የእናታችንን ድምፅ ነው ማለት ነው።

ከ260ው ቢት ሁሉም እኩል ክብር የላቸውም። 182ቱ ቢበላሹ ንግግሩ ይፈርሳል፤ ስለዚህ መከላከያ ኮድ ይጨመርላቸዋል። 78ቱ ቢበላሹ ግን ጆሮ ትንሽ ሸካራነት ብቻ ስለሚሰማው ያለ መከላከያ ይላካሉ። ኮዱ ሲጨመር 260ው 456 ይሆናል። ከዚያም 456ቱ ቢት በስምንት እኩል ክፍሎች፣ በ57 በ57፣ ተከፍለው በተለያዩ የሞገድ ጥቅሎች ይላካሉ። የዘጌ ነጋዴ ቡናውን ሁሉ በአንድ ታንኳ ከመጫን በስምንት ታንኳ ቢያከፋፍል አንዷ ብትሰጥም ሰባቱ ይተርፋሉ። መሐንዲሶቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንድ ጥቅል በነጸብራቅ ቢጠፋ ከየድምፁ ቁራጭ ጥቂት ጥቂት ቢት ብቻ ይጎድላል፤ ያንንም ኮዱ ይሞላዋል።

ሌላም ችግር አለ። አንድ ኮረብታ ላይ ነጥሮ 3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ዞሮ የመጣ ሞገድ በ10 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይዘገያል። የጂ.ኤስ.ኤም. አንድ ቢት 3.69 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስለሚቆይ ያለፈው ቢት ማሚቶ ሦስተኛው ቢት ላይ ይወድቃል። ስልኩ ይህን የሚፈታው በየጥቅሉ መካከል በሚላኩ፣ አስቀድሞ በሚያውቃቸው 26 ቢቶች ነው። የሚያውቀው ነገር እንዴት ተበላሽቶ እንደደረሰ አይቶ የማያውቀውንም በዚያው ልክ ያቃናል። የተማሪ ቤት ልጅ የመምህሩን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ በቃሉ ከሚያውቀው አንቀጽ ቢጀምር እንደማለት ነው።

አራተኛው ትውልድ ሌላ መንገድ መረጠ። አንድ ፈጣን ጅረት ከመላክ ይልቅ መረጃውን በ15 ኪሎኸርዝ ልዩነት በተደረደሩ ብዙ ቀርፋፋ ጅረቶች ይከፋፍለዋል፤ ለ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ቁጥራቸው 1,200 ነው። ጅረቶቹን ለመለየት ስልኩ ቅድም በድንጋዩ ደወል ላይ የጠቀስነውን የፉሪዬን ብተና በ2,048 ነጥብ ያከናውናል። በተለመደው መንገድ ቢሰላ ከአራት ሚሊዮን በላይ ማባዛት ይጠይቅ ነበር። ኩሊና ቱኪ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ፈጣን ስልት ግን ሥራው ወደ ሃያ ሁለት ሺህ ተኩል ገደማ ይወርዳል። ያች ስልት ባትኖር ኖሮ የስልክ ባትሪ ከአንድ ጥሪ በላይ አይዘልቅም ነበር ብለን እናስባለን።

ዋሸራና ራዳሩ

ለብዙ ተማሪዎች አዲስ የሚሆነው የጉዳዩ ክፍል ከደመና በላይ ያለው ነው። በጎጃም ዋሸራ የሚባለው ስመ ጥር የቅኔ ቤት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የሚገኘው የሕዋና የራዳር ሳይንስ ምርምር ቤተ ሙከራም ዋሸራ የሚል ስም ይዟል። ስሙን ማን እንዳሰበው ይመስገን። ሬዲዮ ራሱ ሰምና ወርቅ ነውና፤ ተሸካሚው ሞገድ ሰሙ ነው፣ መልእክቱ ወርቁ። የተቀባዩ ሥራም ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት ነው።

ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋምና ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የመምህራን ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ሲዋሐዱ ነው። ኋላ ዩኒቨርሲቲውን በፕሬዚዳንትነት የመሩት የፊዚክስ ምሁሩ ዶክተር ባይሌ ዳምጤ የዶክትሬት ጥናታቸውን በ2004 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት በራዳር የመለኪያ ዘዴዎች ላይ ነው። ራዳሮቹ የሚመለከቱት አውሮፕላን ሳይሆን አዮኖስፌርን ነው፤ ይኸውም የፀሐይ ጨረር አየሩን ሰብሮ ነጻ ኤሌክትሮኖችን የሚፈጥርበት፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ግድም ጀምሮ ወደ ላይ የሚዘረጋ የከባቢ አየር ክፍል ነው።

የጥናቱ ፍሬ ነገር ከጫጫታ በታች የወደቀን ሲግናል እንዴት እናነሣዋለን የሚል ነው። ከኤሌክትሮኖች የሚመለሰው ማሚቶ እጅግ ደካማ ነው። ረጅም ምት ብንልክ ጉልበት እናገኛለን፤ ነገር ግን ማሚቶው ከየትኛው ከፍታ እንደመጣ ይምታታብናል። አጭር ምት ብንልክ ከፍታው ይለያል፤ ጉልበቱ ግን አይበቃም። መካከለኛው መንገድ ረጅሙን ምት በኮድ መቁረጥ ነው። ተማሪዎች በወረቀት እንዲሞክሩት ትንሿን የባርከር ኮድ እንውሰድ፤ እርሷም ሲደመር፣ ሲደመር፣ ሲቀነስ ናት። ኮዱን ከራሱ ጋር ፊት ለፊት አቁመን ብናባዛና ብንደምር 3 እናገኛለን። በአንድ እርምጃ ብናንሸራትተው 0፣ በሁለት እርምጃ ብናንሸራትተው ደግሞ አሉታዊ 1 ይወጣል። ልክ በቦታው ሲገጥም ይጮኻል፤ በሌላ ቦታ ሁሉ ያንሾካሹካል። ከሚታወቁት የባርከር ኮዶች ረጅሙ 13 ቁርጥ አለው፤ ሲገጥም 13፣ ሳይገጥም ከ1 አይበልጥም።

ያች የቀረች ሹክሹክታ ግን ለአዮኖስፌር ተመራማሪ መጥፎ ናት፤ ከአንድ ከፍታ የመጣ ኃይለኛ ማሚቶ በሌላ ከፍታ ላይ የሐሰት ጥላ ትጥልበታለች። ዶክተር ባይሌ ከፊንላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ረጃጅም ኮዶችን ከልዩ ማጣሪያ ጋር ስለማጣመር ነበር። ማጣሪያው የኮዱ ቅጂ አይደለም፤ ሹክሹክታውን እንዲያጠፋ ተብሎ የተሰላ ሌላ ቅርጽ ነው። በለውጡ ጥቂት ኃይል ይከፈላል፤ የሐሰቱ ጥላ ግን ይጠፋል።

ይህ አሳብ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ሲግናል ምድር ሲደርስ ከመቀበያው ጫጫታ 80 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። 1,023 ቁርጥ ባለው ኮድ ሲጨመቅ ግን አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ይነሣና ከጫጫታው በላይ ብቅ ይላል። ከሻነን ጋር ቀጠሮ ይዘንለት የነበረው ነጥብ ይህ ነበር።

ታዲያ ለምን ባሕር ዳር? ማግኔታዊው የምድር ወገብ በመሃል ኢትዮጵያ ስለሚያልፍ ነው። ከዚህ ወገብ በላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ በከፍተኛው የአዮኖስፌር ክፍል ኤሌክትሮን የጎደላቸው አረፋዎች ወደ ላይ ይነሣሉ። ከሳተላይት የሚመጣ ሲግናል በእነዚህ መካከል ሲያልፍ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንዳንዴም መቀበያው ፈጽሞ ይስተዋል። አረፋ ባይኖርም እንኳ አዮኖስፌሩ ሲግናሉን ያዘገየዋል። ኤሌክትሮን በበዛበት ከሰዓት በኋላ መዘግየቱ ከ16 ሜትር ስሕተት ጋር ሊስተካከል ይችላል። ለመንገደኛ ይህ ቀላል ነው፤ ወደ ማረፊያ ለሚወርድ አውሮፕላን ግን ቀላል አይደለም። በባሕር ዳር የተተከለ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ የመዘገበውን መረጃ ተጠቅመው የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች በማግኔታዊ ማዕበል ቀናት በከተማዋ ሰማይ ላይ የታየውን መታወክ አጥንተው በ2017 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሌላው ዓለም የሚጓጓለት ሰማይ ከጣና በላይ ተዘርግቷል ማለት ነው።

ለሚያስቡበት ተማሪዎች

ወደዚህ ዘርፍ ለመግባት ከሁለተኛ ደረጃ የሚያስፈልገው ትሪጎኖሜትሪን፣ ሎጋሪዝምንና ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን ሳይፈሩ መያዝ ነው። በዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ፣ ማትሪክስና ፕሮባቢሊቲ ይቀድማሉ፤ ከዚያ የሲግናሎችና የሥርዓቶች ትምህርት፣ ኤሌክትሮማግኔቲክስ፣ ዲጂታል ሲግናል ማቀነባበርና የመገናኛ ሥርዓቶች ይከተላሉ። ብዙዎች የሚሰናከሉት በሲግናሎችና ሥርዓቶች ላይ ነው። ኮንቮሉሽን የሚባለው ስሌት በሰሌዳ ላይ ሲታይ ደረቅ ነው፤ በዋሻ ውስጥ እጅን አጨብጭቦ ማሚቶውን ካዳመጡ በኋላ ግን ትርጉሙ ይገባል። እያንዳንዱ ጭብጨባ የራሱን ማሚቶ ይዞ ይመጣል፤ የምንሰማው የሁሉም ድምር ነው።

መሣሪያ የለንም የሚለው ሰበብ እንደ ቀድሞው አያሳምንም። ለቴሌቪዥን መቀበያነት የተሠራች፣ አውራ ጣት የምታህል በኮምፒውተር ላይ የምትሰካ መቀበያ ሰፊ የሬዲዮ ክልል ታስነብባለች። ጂ.ኤን.ዩ. ሬዲዮና ኦክቴቭ የሚባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ማሰራጨት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይሰጥ ማንም ሞገድ ሊለቅ አይገባም።

ለጀማሪ አንዲት ስልክ እንኳ ትበቃለች። ብዙ ስልኮች የሚደርሳቸውን ኃይል በቁጥር ያሳያሉ፤ አሉታዊ 95 የሚል ቁጥር ካነበባችሁ ከዋት ሦስት ሺህ ቢሊዮንኛ ገደማ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ዘጌ ወደብ ላይ በውሃው አፋፍ ቆማችሁ ለአምስት ደቂቃ በየአምስት ሰከንዱ መዝግቡ። ወደ ደኑ 50 ሜትር፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 200 ሜትር ገብታችሁ ድገሙት። ከዳገቱም አናት እንዲሁ። የዋይስበርገርን ቀመር በአጠገቡ ሥሉና ልዩነቱን አስሉ። ስልኩ በመካከሉ ወደ ሌላ ምሰሶ ከተዛወረ ልኬቱ ስለሚዛባ የምሰሶውን መለያ ቁጥር አብራችሁ ያዙ። ስልኩን ሁልጊዜ በአንድ ከፍታና በአንድ አቅጣጫ ያዙት፤ የእጃችሁና የአካላችሁ መጋረድ ብቻውን ብዙ ዴሲቤል ያጠፋል። ፋይሉን ስትሰይሙ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቅጠሉን ሁኔታ መጻፍ አትርሱ፤ ዝናብ ካባራ በኋላ የተወሰደ ልኬት ከበጋ ልኬት ጋር አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ መልሶ መለየት አይቻልም።